የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ሲታሰብ፦ ዋጋው፣ ባትሪው እና የዕለት ተዕለት ወጪው

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ በመከልከል ከዓለም አገራት ቀዳሚዋ ናት። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ውሳኔውን ይፋ ያደረጉት በጥር 2016 ዓ.ም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አዲስ መኪና ከውጭ ለማስመጣት የሚያስብ ሰው “ቤንዚን ወይስ ኤሌክትሪክ?” የሚለው ምርጫ የለውም። የቀሩት ጥያቄዎች የትኛው የኤሌክትሪክ መኪና፣ በስንት ብር እና የት ቻርጅ እየተደረገ የሚሉት ናቸው።

ጥያቄዎቹ በአገር ቤት ብቻ የተወሰኑ አይደሉም። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ እና በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ለወንድም የሥራ መኪና፣ ለወላጅ መንቀሳቀሻ ለመግዛት ገንዘብ ይልካሉ። የብዙ ዓመት ቁጠባ በአንድ ግዢ ላይ ሲውል፣ ስህተቱም የዚያኑ ያህል ውድ ይሆናል።

ውሳኔው ለምን አስፈለገ?

መንግሥት የሚያቀርበው ዋነኛ ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነው። ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን ነዳጅ የምታስገባው ከውጭ ሲሆን፣ ለዚህም በየዓመቱ በቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች።

በአንጻሩ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኤሌክትሪክ ኃይሏ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ጳጉሜን 4/2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን ከ5 ሺህ ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። ከውጭ በዶላር የሚገዛውን ነዳጅ በአገር ውስጥ በሚመነጭ ኃይል መተካት የሚለው ሐሳብ መነሻው ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ያንን ኃይል ሳይቆራረጥ እስከ መኖሪያ ቤት ቆጣሪ ማድረስ ሌላ ነገር ነው። የመኪናው ባለቤት በየዕለቱ የሚገጥመው ሁለተኛው ነው።

ዋጋው ከምን ከምን የተገነባ ነው?

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ የነዳጅ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። ከሁለት ዓመት በኋላ የገንዘብ ሚኒስቴር ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎችን ከኤክሳይስ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስ እና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ።

በዚያው ውሳኔ የጉምሩክ ቀረጡ ተገጣጥሞ ለሚገባ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚገባ ደግሞ ዜሮ ሆነ። የታክስ መመሪያዎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ፣ ገዢ በግዢው ወቅት የሚሠራበትን ምጣኔ ከጉምሩክ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ዋጋውን ከታክሱ ይልቅ ያናወጠው የብር የምንዛሪ ተመን ነው። ሐምሌ 22/2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲመራ ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚህ ስሌት 20 ሺህ ዶላር የሚያወጣ መኪና 1.14 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ዶላር 120 ብር ሲገባ ግን ያው መኪና፣ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመርበት፣ 2.4 ሚሊዮን ብር ይደርሳል።

በኪሎ ሜትር ሲሰላ

አንድ መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይፈልጋል። ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ሲታከል ከቆጣሪ የሚወጣው ወደ 19 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ነው ተብሎ ቢታሰብ ወጪው 114 ብር ይሆናል።

ተመሳሳይ መጠን ያለው የቤንዚን መኪና ለዚሁ ርቀት 7 ሊትር ቢጠቀም፣ በጥር 2017 ዓ.ም በነበረው የ101.47 ብር የሊትር ዋጋ 710 ብር ይጠይቃል። ልዩነቱ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 600 ብር ያህል ነው።

በዓመት 12 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚነዳ የቢሮ ሠራተኛ በዚህ ስሌት 72 ሺህ ብር ይቆጥባል። 50 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚነዳ የታክሲ ሾፌር ግን ቁጠባው 300 ሺህ ብር ይደርሳል። ስለዚህ ለኤሌክትሪክ መኪና የሚከፈለው ተጨማሪ ዋጋ ቶሎ የሚመለሰው ብዙ ለሚነዳ ሰው ነው።

የሞተር ዘይት ቅያሪ፣ ካንዴላ እና የነዳጅ ማጣሪያ የሚባሉ ወጪዎችም የሉም። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ኃይል እያመነጨ ስለሚይዘው የፍሬን ሸራም ረዥም ጊዜ ያገለግላል። በአንጻሩ የባትሪው ክብደት ጎማን ቶሎ ይጨርሳል።

ቻርጅ የት ይደረጋል?

ከተራ የግድግዳ ሶኬት የሚገኘው ኃይል ውስን ነው። በ220 ቮልት 10 አምፒር የሚወስድ ቻርጀር 2.2 ኪሎዋት ብቻ ይሰጣል። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪን ከባዶ ለመሙላት ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ይህ ግን በከተማ ለሚመላለስ ሰው ችግር ላይሆን ይችላል። መኪናው ሌሊቱን ለ10 ሰዓት ቢሰካ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ኃይል ያገኛል። በቀን 200 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ ታክሲ ግን ተራው ሶኬት አይበቃም፤ 7 ኪሎዋት የሚሰጥ የግድግዳ ቻርጀር፣ ያንን የሚሸከም ገመድ እና ቆጣሪ ያስፈልጉታል። መስመሩን በባለሙያ ሳያስፈትሹ ከባድ ኃይል መሳብ ገመድ ሊያቀልጥና እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

የራሱ ግቢ ለሌለው ሰው ጥያቄው ይከብዳል። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው መኪናውን በጋራ ማቆሚያ ሲያሳድር ከቤቱ ቆጣሪ መስመር መዘርጋት አይችልም። ያለው አማራጭ የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ ፈጣን ጣቢያ ከከፈቱት መካከል ነው። በጣቢያ የሚከፈለው ዋጋ ከቤት ከፍ ስለሚል፣ ከላይ የተሠራው የቁጠባ ስሌትም በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ከከተማ ሲወጣ

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ጉልበቱ አይቀንስም። የቤንዚን ሞተር ግን በስስ አየር ይደክማል።

ዳገት ግን ባትሪን በብርቱ ይበላል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1 ሺህ ሜትር ሽቅብ ለመውጣት፣ ከመንገዱ ርዝመት በተጨማሪ፣ ቢያንስ 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ መኪናው የተወሰነ ኃይል መልሶ ያገኛል፤ ወደ ደጀን ለመውጣት ግን ከዚያ የበለጠ ያወጣል። በመንገዱ ላይ ጣቢያ መኖሩን ሳያረጋግጡ መነሳት አደጋ አለው።

በቻይና መለኪያ “500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል” የተባለ መኪና በእውነተኛ መንገድ ያንን ያህል መሄዱ ያጠራጥራል። መለኪያው ከአውሮፓው ይልቅ ለጋስ በመሆኑ፣ ከተጻፈው ላይ ሩብ ያህሉን ቀንሶ ማቀድ ይመከራል።

ከመክፈል በፊት የሚፈተሹ ነገሮች

የመጀመሪያው ባትሪው ነው። የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ድርሻ የሚይዘው እሱ በመሆኑ፣ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይልቅ የባትሪውን ቀሪ አቅም በምርመራ መሣሪያ ማስለካት አለበት። የባትሪው ዓይነትም መታወቅ ይኖርበታል። በቢዋይዲ መኪኖች የተለመደው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ እስከ 100 በመቶ መሞላትን ይቋቋማል። ኒኬል ያለበት ባትሪ ግን በዘወትር አጠቃቀም በ80 በመቶ ቢወሰን ዕድሜው ይረዝማል።

ሁለተኛው ዋስትናው ነው። ብዙ አምራቾች ለባትሪ 8 ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። ይሁንና ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በግል አስመጪ የገባ መኪና ይህን መብት ይዞ ላይመጣ ይችላል። ዋስትናውን በአገር ውስጥ የሚፈጽመው ማን እንደሆነ በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የቻርጅ መሰኪያው ነው። ለቻይና፣ ለአውሮፓ እና ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መኪኖች መሰኪያቸው የተለያየ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ መኪና ለመላክ የሚያስብ ሰው በሚላክበት ከተማ ያሉት ጣቢያዎች የትኛውን እንደሚቀበሉ አስቀድሞ ማጣራት አለበት። በቻይንኛ ብቻ የሚሠራ የመኪና ስክሪንም ሌላው የተለመደ ፈተና ነው።

የመጨረሻው ጥገና ነው። የቶዮታ ቪትዝ መለዋወጫ በየሰፈሩ ሲገኝ፣ የአንድ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የፊት መብራት ግን ከውጭ ታዝዞ ለሳምንታት ሊጠበቅ ይችላል። የከፍተኛ ቮልት ሥራ የሚያውቅ መካኒክም በየጋራዡ አይገኝም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመላክ ወይም ቅድሚያ ክፍያ ከመፈጸም በፊት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው፦ መኪናው የት ያድራል? በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይነዳል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ለሦስቱም ግልጽ መልስ ላለው ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ከነዳጅ ሰልፍም ከነዳጅ ወጪም ያሳርፈዋል። መልስ ለሌለው ሰው ግን መኪናው በራፍ ላይ ቆሞ የሚውል ውድ ንብረት ሊሆን ይችላል።