የአንጥረኛው ቀጭን መጋዝ

ስለ ወርቅና ብር ሥራ ሲወራ ስማቸው የሚነሳው እሳትና መዶሻ ናቸው። እኔ ግን ሁልጊዜ የማደንቀው ቀጭኗን መጋዝ ነው። ከብር ዝርግ የሚወጣን የአንገት መስቀል መሃሉን ከፋፍታ ጥልፍልፉን የምታሳየን እሷ ናት።

አሠራሯ ቀላል ነው፦ እጀታ፣ የጎበጠ የብረት ክፈፍ፣ በክፈፉ ሁለት ጫፎች መካከል የተወጠረ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ምላጭ። ጥርሶቹ ወደ እጀታው ስለሚያጋድሉ የምትቆርጠው ወደ ታች ስትሳብ ነው። ምላጩን ገልብጦ ያሰረ ሰው ብሩን ሲያክ ይውላል። ለጀማሪ የሚስማማው ቁጥር 2/0 ሲሆን ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 8/0 ደግሞ ከዚያም ይቀጥናል።

ምላጭ በተሰበረ ቁጥር የሚወቀሰው ምላጩ ነው። «ኦሪጅናል አይደለም» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰባሪው እጅ ነው። ጀማሪ መጋዟ ቶሎ እንድትሄድለት ወደፊት ይገፋታል። መግፋት ምን ያደርጋል? ቀጥ ብላ ከተመላለሰች ጥርሶቹ መንገዳቸውን ራሳቸው ይበላሉ። ሲገፏት ግን ምላጩ ይለመጣል፣ ብሩ ውስጥ ይቀረቀርና ቀጭ ይላል።

መታጠፊያ ላይ ይብሳል፤ መስቀል ደግሞ መታጠፊያው ብዙ ነው። እዚያ ሲደረስ ወደፊት መሄዱን ትቶ፣ መጋዟን ባለችበት እያመላለሱ ብሩን ቀስ በቀስ ማዞር ነው። እጅ ከቆመ ምላጩ ይያዛል። ሲያዝ የምትጎትቱ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ! የታችኛውን ጫፍ ከክፈፉ ፈትታችሁ በእርጋታ አውጡት።

አንድ አዛውንት አንጥረኛ ሲያስተምሩ አይቻለሁ። ልጁ ምላጭ በላይ በላዩ እየሰበረ «ጋሼ፣ ይሄኛውም ደካማ ነው» አላቸው። ሌላ አልሰጡትም። ጨምቆ የያዘበትን ጣቶቹን አላሉለትና «አትታገላት ልጄ፣ ክብደቷ ይበቃታል» አሉት። ብርም አላስነኩትም፤ በናስ ቁራጭ ላይ መጀመሪያ ቀጥ ያለ መስመር፣ ቀጥሎ ክብ፣ ከዚያ ማዕዘን እያስቆረጡ ሳምንታት አቆዩት። በኋላ ስሄድ ገና ከበሩ ለውጡ ይሰማል፤ ይንጫጫ የነበረው መጋዝ አንድ ወጥ ድምፅ ይዟል። ያኔ ነው ብር የሰጡት።

ቅደም ተከተሉም ልብ ይባል። ለእያንዳንዱ ክፍት ቦታ መጀመሪያ ቀዳዳ ይበሳል፣ ምላጩ በቀዳዳው ይሾልካል፣ ከዚያ ክፈፉ ላይ ይወጠራል። ውስጡ ሳያልቅ የውጩን ዙሪያ የሚቆርጥ ሠሪ የሚይዝበት ያጣል። ጉልበቱ ላይ ቆዳ የማይዘረጋም ብናኙን ብር መሬት ያበላዋል።

ገዢዎችም አላችሁበት። የምታዩት ማብረቅረቁን ነው፤ የምትከራከሩት በግራሙ ነው። በእጅ የተቆረጠ መስቀል ስትገዙ ወደ ብርሃን አንሱትና የክፍተቶቹን ውስጠኛ ጠርዝ እዩ። ማዕዘኑ ከጠራ፣ መስመሩ ካልተንገዳገደ፣ የእጅ ዋጋውን ሳትከራከሩ ክፈሉ።