ብቻውን ፒያኖ ስለሚመታ ተመራቂ

ልጁ በሕግ ወይም በሕክምና ትምህርት ሲመረቅ ዘመድ ወዳጅ የማይጠራ ቤተሰብ የለም። በፒያኖ ተመረቀ ሲባል ግን «ለመሆኑ ምን ተፈትኖ ነው?» የሚል ሰው አይታጣም፤ አንዳንዱም «አዝማሪ ሊሆን ነውን?» ብሎ ያዝናል። ጥያቄው መልስ የሚገባው ስለ ሆነ ዛሬ ስለዚሁ ፈተና እንነጋገራለን።

ፒያኖን ዋና ትምህርቱ ያደረገ ተማሪ በመጨረሻ የሚፈተነው በመምህራኑና በተጋበዘው ሕዝብ ፊት ብቻውን ተቀምጦ በመጫወት ነው። ይህ ጨዋታ ረሲታል ይባላል። ስሙ ለፒያኖ ጨዋታ የዋለው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1840 ዓ.ም. ፍራንዝ ሊስት በሎንዶን በተጫወተ ጊዜ ነው። በዚያው ምዕተ ዓመት ኖታ ሳይመለከቱ በቃል መጫወት ልማድ እየሆነ መጣ። ስለዚህም ተመራቂው ከባኽ፣ ከቤቶቨን፣ ከሾፓንና ከመሳሰሉት ደራስያን ሥራ የመረጠውን ብዙ ሺህ ድምፅ በአእምሮውና በጣቶቹ ይዞ ይቀርባል።

በጽሕፈት ቤት የተሳሳተ ደብዳቤ ሳይፈረም ተመልሶ እንደ ገና ይጻፋል። የፒያኖ ድምፅ ግን አንድ ጊዜ ከተመታ አይመለስም፤ መዶሻው አውታሩን መትቶ እንደ ተለየ ድምፁ መክሰም ይጀምራል። ስለዚህ አስተዋይ አድማጭ የሚመዝነው የስሕተቱን ቍጥር ብቻ ሳይሆን፣ ተጫዋቹ ከስሕተቱ በኋላ ሳይደናገጥ መቀጠሉን ጭምር ነው።

እዚህ ላይ የአገራችንን ፒያኖ ተጫዋች የአቶ ግርማ ይፍራሸዋን ታሪክ እናስታውስ። በ1967 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተወለዱት አቶ ግርማ በልጅነታቸው የለመዱት ክራር ነበረ፤ ከፒያኖ ጋራ የተዋወቁት በ16 ዓመታቸው ገደማ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያም በቡልጋርያ ሶፍያ ከተማ ሲማሩ የአገሪቱ ሥርዓተ መንግሥት በመለወጡ ትምህርታቸው ተቋረጠና ወደ ኢጣልያ ሄዱ። ነገር ግን ተስፋ ሳይቈርጡ ወደ ሶፍያ ተመልሰው ትምህርታቸውን ፈጸሙ፤ ወደ አገራቸውም ገብተው በያሬድ ትምህርት ቤት አስተማሩ። የአገራችንንም ዜማ መሠረት ያደረጉ የፒያኖ ድርሰቶች ደርሰዋል።

በጅጅጋ ወይም በሸደር በሥራ ላይ ያላችሁ አንባብያን ይህ ነገር የሩቅ አገር መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን አይደለም። ፒያኖ 52 ነጭና 36 ጥቁር ቍልፎች አሉት። ጥቁሮቹን ብቻ በተራ ብትመቷቸው አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ይሰማል፤ ይኸውም ከትዝታ ቅኝት አንዱ መልክ ነው። የሶማሊኛ ዜማም በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፣ በኡድ የታጀበ የሶማሊኛ ዘፈን እያደመጠ ያደገ ጆሮ ለዚህ ድምፅ እንግዳ አይሆንም።

አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው። ክራር መቺ አውታሩን እንደ ፈለገ ይቃኛል፤ ዋሽንት ነፊም በትንፋሹና በጣቱ ድምፁን ያጎብጣል። የፒያኖ ቍልፍ ግን በተቃኘበት ድምፅ ላይ የጸና ነው። ስለዚህ የአገሩን ዜማ በፒያኖ የሚያሰማ ተመራቂ ማጎበጥ ያልቻለውን ድምፅ፣ ጎን ለጎን ያሉትን ቍልፎች በፍጥነት በመንካት ለጆሮ ማስመሰል ይኖርበታል። ይህም በባዕድ መሣሪያ የራስን ቋንቋ የመናገር ያህል ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ግብዣ ሲደርሳችሁ ሰዓት አክብራችሁ ተገኙ። ድርሰቱ ብዙ ክፍል ያለው እንደ ሆነ በመካከሉ አታጨብጭቡ፤ መጨረሻውን ጠብቁ። ቀኝ እጁ የሚያሰማውን ዜማ ብቻ ሳይሆን ግራ እጁ የሚመልስለትንም አድምጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ልጃችሁ በቤት ውስጥ ክራር አንሥቶ ሲሞክር ብታገኙት «ትምህርትህን ተማር» ብላችሁ ከመቈጣታችሁ በፊት፣ እርሱም ትምህርት መሆኑን አስታውሱ።