ተጨማሪ መረጃ፦ በብዕር የታገሉት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ

ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አርበኛው ኃይለማርያም ማሞና ጓዶቻቸው ደብረ ብርሃን አጠገብ ጫጫ ላይ የጠላትን ጦር ደፈጣ ይዘው መቱት። ትግሉ ግን በጠመንጃ ብቻ አልነበረም፤ ባለቅኔዎችም ዘምተውበታል።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ጎጃም ውስጥ ደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ከቅኔ ቤት ወጥተው አዲስ አበባ መጡና መምህር፣ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ሆኑ። በ1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ላይ በተሰማው ብሔራዊ መዝሙር ግጥም ስማቸው ይነሣል፤ ዜማው የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። በወረራው ዘመን ወደ ሱዳን ተሰደው በቃልና በጽሑፍ ለነጻነት ታገሉ። ከድል በኋላ አገራቸው ገብተው በ1939 ዓ.ም. አረፉ። «አፋጀሽኝ» ከታወቁት ተውኔቶቻቸው አንዱ ነው።

በህንድም ገጣሚው ራም ፕራሳድ ቢስሚል እንግሊዞችን በግጥምም በመሣሪያም ታግሎ እ.ኤ.አ. በ1927 በስቅላት ተገድሏል።

ተግባር፦ በአካባቢያችሁ ያሉ አዛውንቶች ከአባቶቻቸው የሰሙትን የአርበኞች ፉከራና ቀረርቶ ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ ሳይጻፍ የቀረ ቃል ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።