ጥር 23 በእንጅባራ፦ የአገው ፈረሰኞች በዓል አመጣጥና ሥርዓት

አዝመራው ተሰብስቦ፣ የጥምቀት በዓል ካለፈ ከአሥራ ሁለት ቀናት በኋላ፣ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ የሆነችው እንጅባራ ከየወረዳው በሚመጡ ፈረሰኞች ትሞላለች። ዕለቱ ጥር 23 ነው። በየዓመቱ በዚሁ ቀን የሚከበረው በዓል የአገው ፈረሰኞች ማህበር ዓመታዊ በዓል ሲሆን፣ ከአካባቢው ውጭ ያለው ኅብረተሰብ በስፋት ያወቀው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው።

በዓሉ በአዋጅ ሥራ ከሚዘጋባቸው ብሔራዊ በዓላት አንዱ አይደለም። ልክ ከአንድ ወር በኋላ የካቲት 23 የሚውለው የዓድዋ ድል በዓል በሕግ የተደነገገ ሲሆን፣ የጥር 23ቱ ግን ጸንቶ የኖረው በማህበሩ አባላት ፈቃድና መዋጮ ነው። ይሁንና ሁለቱ በዓላት በዕለት ቁጥርም በታሪክም የተሳሰሩ ናቸው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት 23ኛው ቀን በየወሩ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ነው። የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዚሁ ዕለት ሲሆን፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦትም ከጦሩ ጋር ወደ ዓድዋ መዝመቱ በታሪክ ይነገራል። ሰማዕቱ በሥዕሎች የሚታየው በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ በመሆኑ፣ ፈረሰኞች የመታሰቢያ ቀናቸውን ከእርሱ ዕለት ጋር ማያያዛቸው እንግዳ ነገር አይደለም።

በዓድዋ ዘመቻ የጎጃም ጦር የተሰለፈው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መሪነት ነበር። የአገው ምድር ፈረሰኞችም በዘመቻው መሳተፋቸውን አባቶች ለልጆቻቸው ሲተርኩ ኖረዋል። በዚያ ዘመን ፈረስ ተዋጊውን ወደ ግንባር የሚያደርስ፣ መልእክት የሚያፋጥን፣ የተሸነፈ ጠላትን ለማሳደድ የሚያስችል ኃይል ነበር። ክብሩም ከባለቤቱ ክብር የማይለይ በመሆኑ ነገሥታትና መኳንንት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸው የዚሁ ልማድ ማሳያ ነው።

ማህበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቀደም ሲል የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበር በሚል ስያሜ ይታወቅ ነበር። «ሰባት ቤት» የሚለው መጠሪያ የአዊ ሕዝብ ከሰባት ወንድማማቾች የተገኘ መሆኑን ከሚያስረዳው ትውፊት የመጣ ነው። የምሥረታው ዓመት ልብ ሊባል ይገባዋል። በወቅቱ አገሪቱ ገና በፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ሥር ነበረች፤ በጎጃምም የአርበኞች ትግል ቀጥሎ ነበር። የኢጣሊያ ጦር ከዳንግላና ከእንጅባራ ምሽጎቹ ለቅቆ የወጣው በማግስቱ ዓመት፣ በ1933 ዓ.ም. በጋ ነው። ስለሆነም በዓድዋ የተዋደቁ አባቶችንና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር የቆመው ይህ ማህበር ለመሥራቾቹ ያለፈ ታሪክ ማስታወሻ ብቻ አልነበረም፤ በዘመኑ ለነበረው ተጋድሎም መልእክት ያለው ነበር ለማለት ይቻላል።

የበዓሉ ዝግጅት የሚጀምረው ከዕለቱ አስቀድሞ ነው። ፈረሱ ይቀለባል፣ ይታጠባል፣ ይሠለጥናል። በዋዜማውና በዕለቱ በኮርቻ፣ በግላስና በልዩ ልዩ ቀለማት ባጌጠ ልጓም ይሸለማል። ፈረሰኞቹም ባህላዊ አልባሳታቸውን ለብሰው በየቡድናቸው ወደ ከተማዋ ይገባሉ፤ በሕዝብና በእንግዶች ፊትም በሰልፍ ያልፋሉ።

ከሰልፉ በኋላ የሚቀርቡት ትርኢቶች የየራሳቸው ስልት አላቸው። በሽምጥ ግልቢያ የሚፈተነው የፈረሱ ፍጥነት ሲሆን፣ በስግሪያ የሚታየው የአረማመዱ ልስላሴና የጋላቢው አቀማመጥ ነው። በጉግስ ጨዋታ ደግሞ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው አንደኛው ሲሸሽ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል፤ የሚሸሸውም በጋሻው ይመክታል። ጨዋታው በጥንቱ ዘመን ለጦር ሜዳ ከሚደረገው ልምምድ የወረሰው ሥርዓት አለው።

ይሁንና ፈረስ በአዊ ለአንድ ቀን ትርኢት ብቻ የሚያዝ እንስሳ አይደለም። በደጋማ ቀበሌዎች መሬት ይታረስበታል፤ ጭነት ይጓጓዝበታል። ሙሽራ በፈረስ ይታጀባል፤ በለቅሶ ሥርዓትም ፈረስ ተሸልሞ ይቀርባል። የማህበሩ አባላትም በደስታና በሐዘን ይጠራራሉ፣ ይረዳዳሉ። በቅርብ ዓመታት በወጡ ዘገባዎች የአባላቱ ቁጥር ከ60 ሺህ በላይ መሆኑ ተገልጿል። ይህን ያህል ሕዝብ ያሰባሰበ ማህበር ከስምንት አሥርት ዓመታት በላይ መዝለቁ፣ ፈረሱ በአባላቱ የዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ ካለው ቦታ ጋር የተያያዘ ነው።

ለበዓሉ ቀጣይነት ወሳኙ ጉዳይም ይኸው ነው። የመንገድ መስፋፋትን ተከትሎ ቀድሞ በፈረስ ይደረግ የነበረው ጉዞ በተሽከርካሪ እየተተካ ነው። የሕዝብ ቁጥር በጨመረ መጠን የጋራ ግጦሽ መሬት ይጠብባል። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ለከሰል ምርት የሚውለው የዲከረንስ ዛፍ ተክል ካለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ወዲህ በስፋት ሲለማ ቆይቷል። ተክሉ ለአርሶ አደሩ ገቢ ያስገኘ፣ የተጎዳ መሬትም እንዲያገግም ያገዘ በመሆኑ ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። በአንጻሩ መስክ በዛፍ በተሸፈነ ቁጥር የፈረስ መኖ ምንጭ ይቀንሳል። መኖ ያጣ አርሶ አደር በቅድሚያ የሚቀንሰው ደግሞ ወተትም ሥጋም የማይሰጠውን እንስሳ ሊሆን ይችላል።

በዓሉን በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) የማይዳሰስ ቅርስነት ለማስመዝገብ ጥረት ሲደረግ ቆይቷል። ኢትዮጵያ መስቀልን በ2006፣ ፊቼ ጨምበላላን በ2008፣ የገዳ ሥርዓትን በ2009፣ ጥምቀትን በ2012፣ የሐረሪ ሹዋሊድን በ2016 ዓ.ም. በዚሁ መዝገብ አስፍራለች። ፈረስን ማዕከል ያደረገ በዓል በዓለም አቀፍ ደረጃ መመዝገቡም አዲስ አይደለም፤ ፈረሰኞች ተሰልፈው እየጋለቡ ጠመንጃቸውን በአንድ ጊዜ የሚተኩሱበት የሞሮኮው ትቡሪዳ በ2014 ዓ.ም. ተመዝግቧል።

የማይዳሰስ ቅርስ ጥበቃን የሚመለከተው የ1996 ዓ.ም. ስምምነት ትኩረት የሚሰጠው ቅርሱ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተላለፈ በሕይወት መቀጠሉን ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ የጥር 23 በዓል ጉዳይ ለባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች ብቻ የሚተው አይሆንም። የቀበሌ መሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሲዘጋጅ ግጦሽ መስክ መለየቱ፣ በከተማ ፕላን ውስጥ የግልቢያ ሜዳ መጠበቁ፣ የእንስሳት ጤና አገልግሎት ከዳልጋ ከብት ባሻገር ለፈረስም መድረሱ፣ የኮርቻና የልጓም ሙያተኞች ሥራ መደገፉ ሁሉ የበዓሉ ጥበቃ አካል ናቸው።

ማህበሩ በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት ፈረስ በየደጁ ስለነበር ስለ ፈረሱ መኖር የሚያሳስብ ነገር አልነበረም፤ መታወስ የነበረበት የአባቶች ገድል ነበር። ዛሬ ገድሉ በታሪክ መጻሕፍትም በብሔራዊ በዓልም ይታወሳል። ጥር 23 በቀጣይ ዓመታትም እንደ ስሙ የፈረሰኞች በዓል ሆኖ የሚቆየው ግን በቀሩት የዓመቱ ቀናት ፈረሱ የሚሰማራበት መስክ እስካለ ድረስ ነው።