ለዓሣ ጀልባ ረዳት ሞተር ስለ መምረጥ
ወደ መርካቶ ከመሄድ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በዓባያና በጫሞ ሐይቆች ዳር ካሉት ገበሬዎች ብዙዎቹ እርሻን ከዓሣ ማስገር ጋር አጣምረው ይኖራሉ። ሰብሉ ባነሰ ዓመት ቤትን የሚደግፈው መረቡ ነው። ስለዚህ ገበሬው ጥቂት ገንዘብ ሲያጠራቅም፣ ወይም ከማኅበርተኞቹ ጋር ሲያዋጣ፣ ለጀልባው ሞተር ሊገዛ ያስባል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ያለ ዕውቀት የተገዛ ሞተር ያተርፋል ሲባል ዕዳ ይሆናል፤ ከዚያም አልፎ በሐይቁ መካከል ቆሞ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።

በጣና ሐይቅ ሞተር ያለው የዓሣ ጀልባና የናይሎን መረብ ሥራ ላይ የዋለው ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የአሥጋሪው መጓጓዣ ከደንገል የተሠራው ታንኳ ነበር። ታንኳው ለሞተር የሚሆን አካል የለውም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የእንጨት፣ የብረት ወይም የፋይበር ጀልባ ያላችሁን ነው። እንዲህ ባለው ጀልባ የምትሠሩ ሰዎች ሞተሩን የመቅዘፊያ ረዳት እንጂ ምትክ አድርጋችሁ አትቍጠሩት።

ብዙ ሰው ሻጩን በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት ነው?» ብሎ ነው። የሚቀድመው ጥያቄ ግን «የእኔ ጀልባ ክብደቱ ስንት ነው? ሐይቄስ እንዴት ያለ ነው?» የሚለው ነው። የዚህም መልስ የሚገኘው በቤታችሁ እንጂ በገበያ አይደለም።

1ኛ/ ጀልባችሁን መዝኑ

የባዶውን ጀልባ፣ የሰዎቹን፣ የርጥብ መረቡን፣ የዓሣውን፣ የሞተሩንና የነዳጁን ክብደት ደምሩ። ለምሳሌ ጀልባው 300 ኪሎ፣ ሦስት ሰዎች 180 ኪሎ፣ ርጥብ መረብና ገመድ 100 ኪሎ፣ ዓሣ 200 ኪሎ፣ ሞተርና ቤንዚን 50 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 830 ኪሎ ይመጣል። ውኃውን እየገፋ በዝግታ ለሚሄድ የሥራ ጀልባ፣ ለ1 ቶን ጠቅላላ ክብደት ከ4 እስከ 5 የፈረስ ጉልበት ይበቃል። በምሳሌው መሠረት እንግዲህ 4 የፈረስ ጉልበት ያህል ያስፈልጋል ማለት ነው።

«ትልቅ ሞተር ብገዛ ቶሎ እደርሳለሁ» የሚል ይኖራል። ይህ ለቀላልና ታቹ ጠፍጣፋ ለሆነ ጀልባ እውነት ነው። የተጫነ የዓሣ ጀልባ ግን የራሱ የፍጥነት ልክ አለው። ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ከባድ ጀልባ በሰዓት ወደ 11 ኪሎ ሜትር ሲቃረብ ከፊቱ የሚያነሣው ማዕበል ራሱ ያግደዋል። ከዚያ ወዲያ የሚጨመረው ጉልበት ቤንዚን ይበላል እንጂ መንገድ አያሳጥርም።

2ኛ/ የአገሩን ከፍታ አስቡ

ሞተር የሚሠራው ቤንዚንን ከአየር ጋር አቃጥሎ ነው። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ 3 ተኩል ያህል ይጎድላል ብላችሁ አስሉ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ በሞተሩ ላይ ከተጻፈው ጉልበት አንድ አምስተኛው እዚያ አይገኝም። ስለዚህ ከላይ በምሳሌው ያገኘነው 4 የፈረስ ጉልበት በጣና ከ5 በላይ ይሆናል። ለፊት ነፋስ መጠባበቂያ ሲጨመርበት 6 ወይም 8 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይበቃል። ከዚህ የሚበልጠውን ለዚህ ጀልባ መግዛት ገንዘብን በውኃ ላይ መበተን ነው።

መርካቶ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚያ የተሞከረ ሞተር ቢደክም ሁልጊዜ ብልሽት አለበት ማለት አይደለም። ነገር ግን ሻጩ «ላስተካክለው» ብሎ የካርቡራተሩን የቤንዚን መጠን ለአዲስ አበባ አየር እንዲቀንስላችሁ አትፍቀዱ። እንዲህ የተስተካከለ ሞተር ዝቅ ወዳለው ሐይቅ፣ ይልቁንም ወደ ዓባያና ጫሞ ሲወርድ፣ ቤንዚን ያንሰውና ከመጠን በላይ ግሎ ይበላሻል። ማስተካከያው የሚደረገው ሞተሩ በሚሠራበት ሐይቅ ዳር ነው።

3ኛ/ የሞተሩን እግር ርዝመት ለኩ

ሞተሩ ከሚታሰርበት ከጀልባው የኋላ ሳንቃ ጫፍ እስከ ጀልባው ታች ድረስ ያለውን ቁመት በሜትር ለክታችሁ በወረቀት ያዙ። ቁመቱ 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ አጭር እግር ያለው፣ 51 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ረጅም እግር ያለው ሞተር ይስማማዋል። ከውልብልቢቱ (ከፕሮፔለሩ) በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ታች ጋር እኩል፣ ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ መዋል አለበት። እግሩ ካጠረ ውልብልቢቱ አየር እየሳበ በከንቱ ይጮኻል። ከረዘመ ደግሞ ጀልባውን ይጎትታል፤ በዳርቻውም ድንጋይ ይመታል።

ውልብልቢቱም እንደ ሥራው ይለያያል። ለከባድ ጀልባ የሚስማማው በአንድ ዙር አጭር እርምጃ የሚሄደው ነው። ይህም ጭነት ያለበት ጋሪ በዝቅተኛ ማርሽ እንደሚሳበው መኪና ማለት ነው። ሻጩን «ለጭነት ጀልባ የሚሆን» ብላችሁ ጠይቁት።

4ኛ/ የሞተሩን ዓይነት ለዩ

ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይቃጠላል። ቀላል ነው፤ ለመጠገንም አያስቸግርም። ነገር ግን ቤንዚን ያበዛል፤ በውኃውም ላይ ዘይት ይተዋል። ቅልቅሉ መሣሳት የለበትም። በብዙዎቹ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይገባል፤ ይህም ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የሞተሩ መመሪያ ሌላ ቢል መመሪያውን ተከተሉ። ባለ አራት ምት ሞተር ዘይቱን ለብቻው ይይዛል፤ በቤንዚን ይቆጥባል፤ ግን ይከብዳል፤ ዘይቱም በጊዜው መለወጥ አለበት። በየቀኑ ሩቅ የሚሄድ ሰው ባለ አራት ምቱን ቢመርጥ ከነዳጅ የሚተርፈው ገንዘብ ይክሰዋል።

5ኛ/ መርካቶ ስትደርሱ

በመርካቶ የውኃ መሳቢያ ሞተርና ጄኔሬተር በብዛት ይሸጣል። የጀልባ ሞተር ግን በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ደላላ አንዱን ባሳያችሁ ጊዜ «ሌላ አላገኝም» ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የያዛችሁትን ልክ አውጥታችሁ አመሳክሩ፤ የሚከተለውንም አድርጉ።

ሀ/ ሞተሩን በደረቁ አታስነሡት። የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውኃ ነው። ውኃ ከሌለ በውስጡ ያለው የላስቲክ መሳቢያ በጥቂት ጊዜ ይቃጠላል። እግሩ ውኃ በሞላ በርሜል ውስጥ ገብቶ ይነሣ። ከጎኑ ቀጭን ውኃ እየፈሰሰ ከወጣ ማቀዝቀዣው ይሠራል።

ለ/ ያገለገለ ከሆነ በታችኛው ክፍል ያለውን የማርሽ ዘይት አስከፍታችሁ እዩ። እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ ተዉት። ቀለሙ አዲስ፣ ብሎኑ ግን የተላላጠ ሞተርም ያጠራጥራል።

ሐ/ መለዋወጫውን ከሞተሩ ጋር አብራችሁ ግዙ። እነዚህም ካንዴላ፣ የላስቲክ መሳቢያ፣ የውልብልቢት ፒን፣ የማስነሻ ገመድና የቤንዚን ማጣሪያ ናቸው። ሶማሌ ተራ በመኪና መለዋወጫ፣ ምናለሽ ተራም በአሮጌ ብረታ ብረት የታወቁ ቢሆኑም ለጀልባ ሞተር የሚስማማውን ሁሉ አታገኙባቸውም። ካንዴላ ስትገዙ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር አመሳክሩ፤ ጥርሱ ከልኩ የረዘመ ካንዴላ ፒስተኑን መትቶ ይሰብራል። መለዋወጫ የሌለው ሞተር ዋጋው ቢረክስም ውድ ነው።

መ/ የሞተሩ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝና የአሠራር መመሪያውን ሳትቀበሉ ገንዘብ አትክፈሉ።

6ኛ/ ወደ ሐይቁ ስትመለሱ

በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታወቀው የእምቦጭ አረም ለሞተር ጠላት ነው። ውልብልቢቱን ይጠመጥመዋል፤ የማቀዝቀዣውንም መግቢያ ይደፍናል። ከጎን የሚወጣው ውኃ ሲቋረጥ ወዲያውኑ ሞተሩን አጥፉ፤ እግሩን አንሥታችሁ አረሙን አስወግዱ። ሞተሩ እየዞረ እጅ አታስገቡ። መቅዘፊያ፣ የውኃ መጥለቂያና ለእያንዳንዱ ሰው መንሳፈፊያ ሰደርያ ከጀልባው አይለዩ። ከሰዓት በኋላ በሚነሣው ነፋስ ሞተሩ ቢቆም የሚመልሳችሁ መቅዘፊያው ነው።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ሞተር ቀድሞ በታንኳ ወደማይደረስበት ያደርሳል፤ ወደ ወንዞች አፍም እንዲሁ። የጣና ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ብዙዎቹ በነሐሴና በመስከረም ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ገልዳ ይወጣሉ። በወንዙ አፍ መረብ የሚዘረጋ ሰው እናቲቱን ከነእንቁላሏ ይይዛል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1991–1993 እና ከ1999–2001 የተያዘው መጠን ሲነጻጸር፣ በአንድ መረብ የሚያዘው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣውም ሀብቱ እንዲጠበቅ ነው። ዓሣው ካለቀ የሞተሩ ዕዳ ብቻ ይቀራል።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ገበሬው ለግዢ ከመነሣቱ በፊት አብራችሁት ጀልባውን መዝኑ፣ ሳንቃውን ለኩ፣ ስሌቱንም በወረቀት ጻፉለት። በአንድ መንደር ያሉ ማኅበርተኞች አንድ ዓይነት ሞተር ቢገዙ መለዋወጫውንም መካኒኩንም ይጋራሉ። ያ ወረቀት በኪሱ ያለ ሰው መርካቶ ሲገባ ለዓይኑ ያማረውን ሳይሆን ለጀልባው የሚስማማውን ይዞ ይመለሳል።