ስክሪፕቱ የላከውን የሚያሳየው ፕሮክሲ

አንድ አጭር የፓይተን ስክሪፕት «ሰላም» የሚለውን ቃል ወደ ሰርቨር ይልካል እንበል። ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ ግን «ሰ» ብቻ ሆኗል። ኮዱን የጻፈችው ልጅ ቃሉን ከመላኳ በፊት ስክሪን ላይ ታወጣዋለች፤ «ሰላም» ብሎ ሙሉው ይታያል። የሰርቨሩን መዝገብ የሚከታተለው ባልደረባዋ ደግሞ «እኔ ጋ የደረሰው አንድ ፊደል ነው» ይላታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የቀሩት ሁለት ፊደላት የጠፉት በመሐል፣ ማንም በማያይበት ቦታ ነው።

መሐሉን ደግሞ ገልጦ ማየት አይቻልም። ዛሬ አብዛኛው የድረ ገጽ ልውውጥ በኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም ተመስጥሮ ይጓዛል። በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚቀዳ መሣሪያ ቢከፍቱ የሚያገኙት ትርጉም የለሽ የባይት ክምር ነው። ብሮውዘር ላይ ቢሆን ኖሮ የራሱ የገንቢዎች መስኮት ይረዳ ነበር። ስክሪፕት ግን መስኮት የለውም። በተርሚናል ተነስቶ፣ ሰርቨሩን አነጋግሮ፣ ሲሳካለትም ሳይሳካለትም ዝም ብሎ ይወጣል።

ለዚህ ችግር ከተሠሩት መሣሪያዎች አንዱ ሚትምፕሮክሲ ነው። አልዶ ኮርቴዚ የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው፣ በፓይተን የተጻፈ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነና በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። የስሙ መነሻ የደህንነት ባለሙያዎች «በመሐል የቆመ ሰው» የሚሉት የታወቀ ጥቃት ነው። ጥቃት የነበረውን ዘዴ የማሽኑ ባለቤት በራሱ ፈቃድ፣ በራሱ ስክሪፕት ላይ ሲያውለው የምርመራ መሣሪያ ይሆናል።

አሠራሩን ለመረዳት ከማኅተም መነሳት ይሻላል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማኅተሙ በጸሐፌ ትእዛዙ እጅ ነበር። ደብዳቤ የደረሰው አገረ ገዥ የንጉሡን ፊት ሳያይ፣ ማኅተሙን አይቶ ይቀበላል። በኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያስረዳ ሰርተፊኬት ያቀርባል፤ ሰርተፊኬቱን የፈረመው ድርጅት ስም ስክሪፕቱ ከሚያምናቸው ዝርዝር ውስጥ ካለ ንግግሩ ይቀጥላል፣ ከሌለ ይቋረጣል።

ተራ ፕሮክሲ ይህን ሁሉ አይነካም። ስክሪፕቱ «ከዚህ ሰርቨር ጋር አገናኘኝ» ሲለው መስመሩን ከፍቶ የታሸገውን ከወዲያ ወዲህ ያመላልሳል። ሚትምፕሮክሲ ግን «እሺ፣ ተገናኝተሃል» ብሎ ይመልስና ራሱ ወደ እውነተኛው ሰርቨር ይሄዳል። የሰርቨሩን ሰርተፊኬት አይቶ በዚያው ስም ሌላ ሰርተፊኬት እዚያው ያዘጋጃል፣ በራሱ ቁልፍ ይፈርምበታል፣ ለስክሪፕቱ ያቀርብለታል። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ የተመሰጠረ መስመር አይደለም፤ ሁለት ነው። አንዱ ከስክሪፕቱ እስከ ፕሮክሲው፣ ሌላው ከፕሮክሲው እስከ ሰርቨሩ ይደርሳል። በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ሁሉም ነገር እንደ ተራ ጽሑፍ ይነበባል።

ስክሪፕቱን ወደ ፕሮክሲው ማዞር ቀላል ነው። ፕሮክሲው ካልተለወጠ በቀር 8080 ፖርት ላይ ይጠብቃል፤ ተርሚናሉ ላይ «ኤችቲቲፒኤስ ፕሮክሲ» የተባለውን ተለዋዋጭ በዚያ አድራሻ መሙላት ለብዙ የፓይተን ስክሪፕቶች ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። መጀመሪያ ሲሞከር ስክሪፕቱ «ሰርተፊኬቱ አልተረጋገጠም» ብሎ ይቆማል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የሰርተፊኬት ማረጋገጫው ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። የማያውቀው ፈራሚ መጥቶበታልና እምቢ ማለት አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አቋራጩ ማረጋገጫውን ማጥፋት ነው፤ ኮዱ ውስጥ አንዲት ቃል ትገባና ስክሪፕቱ የመጣለትን ሰርተፊኬት ሁሉ ይቀበላል። ያቺ ቃል ግን ለምርመራ ተብላ ገብታ፣ ሳትወጣ ተረስታ፣ ከኮዱ ጋር ወደ ደንበኛው ማሽን ትሄዳለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመሐል የሚቆም ማንኛውም ሰው የደንበኛውን የይለፍ ቃል ማንበብ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ብዙም አይርቅም። ሚትምፕሮክሲ መጀመሪያ ሲነሳ የራሱን የፊርማ ቁልፍና ሰርተፊኬት ፈጥሮ በተጠቃሚው ማህደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ስክሪፕቱ ያንን ፋይል እንዲያምን ለዚያ ተርሚናል ብቻ መንገር ይቻላል። ተርሚናሉ ሲዘጋ እምነቱም አብሮ ይዘጋል፤ ኮዱ አይነካም።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ሰርተፊኬቱን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ላይ ጭኖ «አሁንስ ለምን እምቢ ይለኛል?» የሚል ጀማሪ ብዙ ነው። ሪኩዌስትስ የተባለው ታዋቂ የፓይተን ላይብረሪ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ዝርዝር አያይም፤ ሰርቲፋይ ከሚባል ጥቅል የሚመጣ የራሱ ዝርዝር አለው። ጃቫም የራሱ የቁልፍ ማስቀመጫ አለው። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ይህ ስክሪፕት ማንን ነው የሚያምነው?» የሚለው ነው።

ወደ «ሰላም» እንመለስ። ስክሪፕቱ የተጻፈው ከፓይተን ጋር አብሮ በሚመጣው ዩአርኤልሊብ ነው። በፕሮክሲው በኩል ሲያልፍ ሚትምፕሮክሲ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ይወጣል፤ ሲከፈት ሄደሮቹ ተዘርዝረው ይታያሉ። ከመሐላቸው ኮንተንት ሌንግዝ የሚባለው፣ የመልእክቱን ርዝመት ለሰርቨሩ የሚናገረው ሄደር፣ 3 ይላል። ጥፋቱ ይኸው ነው። ልጅቷ ርዝመቱን በኮዱ ውስጥ ራሷ ሞልታዋለች፤ የቆጠረችው ደግሞ ፊደል ነው። ሰርቨሩ የሚቆጥረው ባይት ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰ» 225፣ 136፣ 176 ነው፤ «ላ» 225፣ 136፣ 139፤ «ም» 225፣ 136፣ 157። ባጠቃላይ 9 ባይት ማለት ነው። ሰርቨሩ ሦስት ባይት እንደሚመጣለት ተነግሮታልና ሦስቱን ወስዶ «ሰ»ን አገኘ፣ ቀሪውን ስድስት ተወው። በእንግሊዝኛ ፊደል ቢሞከር ፊደሉም ባይቱም እኩል ስለሚሆኑ ይህ ስህተት ፈጽሞ አይታይም። በአማርኛ ለሚጻፉ ስክሪፕቶች ፕሮክሲው የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። መፍትሔው ያንን መስመር ከኮዱ ማውጣት ነው፤ ላይብረሪው ራሱ በትክክል ይቆጥረዋል።

መሣሪያው ከማሳየትም ያልፋል። ጥቂት የፓይተን መስመሮች ጽፎ የሰርቨሩን መልስ በመንገድ ላይ መቀየር ይቻላል፤ ሰርቨሩ ሳይታመም «500» የሚል የብልሽት መልስ ለስክሪፕቱ ሰጥቶ ምን እንደሚያደርግ ማየት፣ መልሱን ማዘግየት፣ የተቀዳ ልውውጥን ደግሞ ማጫወት ይቻላል። የማይከፍተው በርም አለ። አንዳንድ አፕሊኬሽኖች የሚቀበሉትን ሰርተፊኬት በውስጣቸው ቆልፈው ይመጣሉ። አንድሮይድም ከ7ኛው ስሪት ወዲህ፣ አፕሊኬሽኑ ራሱ ካልፈቀደ በቀር፣ ተጠቃሚው የጨመረውን ፈራሚ አያምንም።

ይህ ጥብቅነት ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሌኖቮ በሸጣቸው ላፕቶፖች ላይ ሱፐርፊሽ የሚባል የማስታወቂያ ሶፍትዌር ተጭኖ መገኘቱ ታወቀ። ሶፍትዌሩ ማስታወቂያ ለማስገባት ሲል በተመሰጠረው መስመር መሐል ይቆም ነበር፤ ዘዴው ከላይ የተገለጸው ነው። የከፋው ግን የፊርማ ቁልፉ በሁሉም ላፕቶፖች ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ቁልፉን ከአንዱ ያወጣ ሰው የሌሎቹን ሁሉ ባለቤቶች ማታለል ይችል ነበር። ሚትምፕሮክሲ ለእያንዳንዱ ማሽን የተለየ ቁልፍ የሚፈጥረው ይህ እንዳይደርስ ነው። ያም ሆኖ ቁልፉ ከማህደሩ ከተሰረቀ አደጋው ያው ነው።

ስለዚህ የዚህ መሣሪያ ተጠቃሚዎች ሁለት ነገር አደራ። የቀዳችሁትን ፋይል «እስቲ እይልኝ» ብላችሁ ለባልደረባ ከመላካችሁ በፊት በውስጡ ያለውን የይለፍ ቃልና ቶክን አጥፉ፤ ሁሉም በግልጽ ተጽፎ ነው ያለው። ሰርተፊኬቱን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ላይ ጭናችሁት ከሆነ ደግሞ ሥራው ባለቀበት ቀን፣ ማሽኑን ከመዝጋታችሁ በፊት፣ አውጡት።