የዶልፊን ዘመድ ጣና ላይ አለ፤ አብሮት የሚዋኝ ግን የለም

በእረፍት ሰዓት ሪሞቱን የያዘው ሰው ቻናል ሲቀያይር አንዳንዴ ብቅ የሚል ምስል አለ። አባት፣ እናትና ልጆች የውሃ መነጽር አድርገው ጥርት ባለ ሰማያዊ ባህር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ዶልፊኖች በጎናቸው ይምዘገዘጋሉ። ፍኖተ ሰላምም ይሁን ቡሬ፣ ኳስ በሚያሳየው ቤት የተቀመጠው ሁሉ ለአፍታ ዝም ይላል። «እኛ አገር ቢኖርስ?» የሚል አይጠፋም። ከዚያ ሁለተኛው አጋማሽ ይጀመርና ነገሩ ይረሳል።

ለመሆኑ እኛ አገር ቢኖርስ?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ የባህር በር የላትም። ዶልፊን ደግሞ ያለው ቀይ ባህርና ኤደን ባህረ ሰላጤ ላይ ነው። በጎጃም መስመር የቤተሰብ ሽርሽር ሲባል ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ የአባይን በረሃ ተሻግሮ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ አልፎ ባህር ዳር መግባት ነው። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ይህ ጉዞ በየጊዜው ሲቋረጥ ቆይቷል። ሰላም ሆኖ የደረሰ ቤተሰብ ግን ጀልባ ተኮናትሮ አባይ ከጣና ወደሚወጣበት ቦታ መሄዱ የተለመደ ነው። እዚያ የሚፈለገው ጉማሬ ነው።

ጉማሬ ደግሞ የዶልፊን ዘመድ ነው! ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተካሄዱ የዲ.ኤን.ኤ ጥናቶች እንዳረጋገጡት ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዶልፊንና ለዓሣ ነባሪ የሚቀርበው ጉማሬ ነው። ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው። አንዱ ወገን ባህር ገብቶ እዚያው ቀረ፤ ሌላው ወንዝና ሐይቅ ላይ ቆመ።

ይዛመዱ እንጂ አመላቸው ለየቅል ነው። ጉማሬ ዕድሜ ልኩን ውሃ ውስጥ ውሎ ዋና አያውቅም! ወለሉን እየረገጠ ይራመዳል እንጂ አይንሳፈፍም። ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ የሚመዝነው ይህ ፍጡር የብስ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ለማነጻጸር ያህል ብራዚላዊው ሴዛር ሲዬሎ እ.ኤ.አ. በ2009 50 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ20.91 ሰከንድ ሲጨርስ ፍጥነቱ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ወንዱ ጉማሬ የውሃ ክልሉን ያስከብራል፤ ግልገል የያዘችው እናት ጀልባ ከመገልበጥ አትመለስም። በሜዳው የማይሸነፍ ቡድን ማለት እሱ ነው። ባለ ጀልባው ራቅ ብሎ ሞተሩን ሲያጠፋ «ትንሽ ጠጋ በል» እያሉ የሚወተውቱ ተሳፋሪዎች ይህንን ቢያውቁት ጥሩ ነበር።

«ዶልፊን ግን ሰው ይወዳል» ባይ ይኖራል። ዶልፊን ሁልጊዜ የሚስቅ የሚመስለው የአፉ ቅርጽ እንደዚያ ስለሆነ ነው፤ ቢደክመውም ቢናደድም ያው ነው። በቀይ ባህር በግብጿ ማርሳ አላም አቅራቢያ ሳማዳይ የሚባል የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው የዛጎል ድንጋይ አለ። እዚያ የሚውሉት ዶልፊኖች ሌሊት ሲያድኑ አድረው ቀን የሚያርፉ ናቸው። ቱሪስቱ የሚመጣው ደግሞ ቀን ነው። የሌሊት ተረኛ ዘበኛን ረፋድ ላይ ቀስቅሶ «ኳስ እንጫወት» እንደማለት ነው። የግብፅ መንግሥት ውስጠኛውን ክፍል ለዋናተኛ ዘግቶታል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2019 ቤይ ኦፍ አይላንድስ በሚባለው ባህር ዳርቻ ከዶልፊን ጋር መዋኘትን ከለከለች፤ ምክንያቱ የዶልፊኖቹ ቁጥር ማሽቆልቆሉ ነበር። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2021 በሃዋይ ቀን የሚያርፉትን ዶልፊኖች ከ45 ሜትር በላይ ቀርቦ መዋኘትን በሕግ አግዳለች።

እንግዲህ የቡሬ ልጅ ዶልፊን ስለቀረበት ያን ያህል አልተጎዳም። የጎደለው ሌላ ነው፤ ዋናው ራሱ።

ምዕራብ ጎጃም ውሃ አላነሰውም። ፍኖተ ሰላም አጠገብ ላህ፣ ደምበጫ ላይ ተምጫ፣ ቡሬ ላይ ፈጣም፣ ከዚያ ደግሞ ትልቁ ብር አለ፤ ሁሉም መጨረሻቸው አባይ ነው። ከብት የሚጠብቀው ልጅ ዋና የሚለምደው እዚሁ ነው። አሰልጣኝ የለ፣ ገመድ የሚወረውር የለ፣ ታላቁ ሲገባ አይቶ ይገባል። በጋ ላይ ኩሬ የሠራው ቦታ ቀዝቀዝ ብሎ ደስ ይላል፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ ግን የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣም ይወደዋል፤ ትሉ የሚገባው በቆዳ ነው። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ወንዙ ላይኛው አገር የዘነበውን ዝናብ ይዞ ሳይታሰብ ይደርሳል። ከከተማ ለሽርሽር የመጣው ልጅ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 300 ሺህ ያህል ሰው ሰምጦ መሞቱን አስታውቋል፤ ከአራቱ አንዱ አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው።

ስለ አገራችን ዋና ሲነሳ ወዲያው የሚታወሰው ሪዮ 2016 ነው። ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ገብቶ ከ59 ዋናተኞች 59ኛ ወጣ። የውጭ ጋዜጦች «ሮቤል ዓሣ ነባሪው» እያሉ ተሳለቁበት። ስድቡ ነውር ነበር። አባቱ የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ስለነበሩ ምርጫው ላይ የተነሳው ጥያቄ ግን ነውር የለበትም፤ መነሳት ነበረበት። ከእሱ በፊት ለንደን 2012 ላይ ያኔት ስዩምና ሙሉዓለም ግርማ፣ ከእሱ በኋላ ቶኪዮ ላይ አብደልማሊክ ሙክታር፣ ፓሪስ 2024 ላይ ሊና ዓለማየሁ በ50 ሜትር ቀርበዋል። ሁሉም በማጣሪያው ቀሩ።

«የብርን ወንዝ የሚሻገር እረኛ ቢላክ ይሻል ነበር» ማለት ይቻላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አይሻልም። ወንዝ ጉልበትና ድፍረት ይሰጣል፤ መዝለያ፣ መዞሪያ ግድግዳና 50 ሜትር ቀጥ ያለ መስመር ግን የለውም። ዶልፊኑም ያለው እዚህ ጋ ነው! ዛሬ ትልልቆቹ ዋናተኞች ዘልለው እንደገቡ ሁለት እግራቸውን ገጥመው ወገባቸውን እያወዛወዙ ውሃ ሥር የሚሄዱበት ስልት «የዶልፊን ምት» ይባላል። አሜሪካዊው ዴቪድ በርኮፍ በሴኡል 1988 የጀርባ ዋና ላይ በዚህ ስልት ብዙ ርቀት ሥር ለሥር እየሄደ ተቀናቃኞቹን ስላስጨነቀ ሕግ ወጣለት፤ በነፃ፣ በጀርባና በቢራቢሮ ቀዘፋ ከ15 ሜትር በላይ ሥር መቆየት አይፈቀድም። ስልቱን የሚማር ልጅ ጥርት ያለ ውሃና ከላይ ሆኖ እግሩን የሚያይለት አሰልጣኝ ያስፈልገዋል። ፈጣም በነሐሴ ቡና መስሎ ሲወርድ ግን ልጁ የራሱን እጅ እንኳ አያየውም።